ካናቴራህን ለብሼዋለሁ

ውድ ልጄ፣

«ውድ» ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። እኔ «አንተ ልጅ» ብለሽ ጀምሪ ብያት ነበር። «ጋሼ፣ ደብዳቤ እንደዚያ አይጀመርም» ብላ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን አጣጠፈች። እሷ ካልጻፈች ደግሞ እኔ ምን አለኝ? ብዕር ይዤ የማውቀው ሌላ ሰው ሲያቀብለኝና እኔ ለሌላ ሰው ሳቀብል ነው። በኋላ ግን ሳስበው ቃሉ ልክ ነው። ውድ ነህ። በዕድሜዬ ሁሉ እንዳንተ የተወደደብኝ ነገር የለም። ስለዚህ ይቆይ፣ አይሰረዝ።

የምለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ አስምያታለሁ። ስድብ ካገኘህ የእኔ ነው። ለስለስ ያለ ነገር ካገኘህ ግን እሷን ጠርጥራት።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ የምታውቀውንም ጭምር። አንተ የምታውቀው ከላይ ሆነህ ያየኸውን ነው። እኔ ደግሞ ከታች ነበርኩ።

ያንን ካናቴራ ከሥራ ቦታህ የሰጡህ ጊዜ ለብሰኸው መጣህና እዚሁ ክፍል ውስጥ ሸሚዝህን ገልጠህ እንደ ሙሽራ ዞርክልኝ። «አባዬ፣ ይሄ ልብስ አስተዋይ ነው» አልከኝ። «ከለባሹ ይሻላል ማለት ነው?» አልኩህ። ሳቅክ። ጎንና ጎኑ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ተሰፍቶበታል፤ ደረቱ ላይ የካፖርት ቁልፍ የሚያክል ነገር አለው። ልብህን ይሰማል፣ ትንፋሽህን ይሰማል፣ ስትወጣና ስትወርድ፣ ስትቀመጥና ስትተኛ ያውቃል። ብትወድቅ ይጮሃል። ቢሮው በስክሪን ያያል፤ ቤተሰብም ከፈለገ ማየት ይችላል አልክና ይቺን ስልክ ሰጠኸኝ።

«እኔ ፊደል አላውቅ፣ ምን አደርጋታለሁ?» ስልህ «ፊደል አያስፈልጋትም፣ ቀለም ነው» አልከኝ። አረንጓዴ ስትንቀሳቀስ። ቢጫ ስትቀመጥ። ሰማያዊ ስትተኛ። ጥጉ ላይ የምትዘል ነጥብ ደግሞ ልብህ ናት።

«ቀይስ?»

«ቀይ አታይም አባዬ።»

«አያለሁ ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም፣ ምንድን ነው ነው ያልኩህ።»

ይልቅ ደረትህ ላይ ያለውን ቁልፍ በጣትህ መታ መታ አደረግከው። ስልኩ መዳፌ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነዘረ። ሁለታችንም ምን እንዳልክ እናውቃለን።

ልብስ ሰፊዋ «እኔ ግን አላውቅም» አለችኝ አሁን። እሺ፣ ለእሷ ስል ልናገረው። ድንጋይ ጠራቢ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ትልቅ አለት ስንፈነቅል አንዱ በዚህ በኩል፣ አንዱ በዚያ በኩል ይሆናል። አትተያዩም። አቧራና ጩኸት ነው። ስለዚህ በየመሃሉ አለቱን በመዶሻ ጀርባ ሁለት ጊዜ ትመታለህ፤ ኳ ኳ። «አለሁ» ማለት ነው። ከወዲያ ያለውም ኳ ኳ ይልሃል። መልስ ካልመጣ አታስብም፣ አትጣራም፤ መሮህን ጥለህ ወደ እሱ ትዞራለህ። ሕጉ ያ ነበር። አንተ ልጅ ሆነህ ምሳዬን ይዘህ ስትመጣ ይሄን አይተህ ቤት ውስጥ ሳይቀር በር ታንኳኳ ነበር፣ በሩ ክፍት ሆኖም። እናትህ «ይሄ ልጅ ያገባሁት አለት መሰለው እንዴ?» ትል ነበር።

እና ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ካናቴራህን ስትለብስ ኳ ኳ ትለኛለህ። ስልኩን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነው የማደርገው፤ ልቤ ላይ ይነዝራል። እኔም ጮክ ብዬ «አለሁ!» እላለሁ። ይቺ ሴትዮ በግድግዳው በኩል ትሰማኝ ኖሮ አንድ ቀን መጥታ «ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው ጠዋት ጠዋት የሚያወሩት?» አለችኝ። «ከልጄ ደረት ጋር» አልኳት። አርጅቶ ጃጀ ብላ አዝና ሄደች። አሁን አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ጻፊ፣ አትሳቂ።

ቀኔ በአንተ ቀለም ሆነ። አረንጓዴ ስትሆን እኔም ሥራ እፈልጋለሁ፣ ግቢ እጠርጋለሁ። ቢጫ ስትሆን ምሳ በላ ብዬ እኔም እበላለሁ። ሰው ይሄን ቢሰማ ያፍርብኛል፤ እኔ ግን አላፍርም። ከቤት ከወጣህ ጀምሮ እንደዚያ አብሬህ ውዬ አላውቅም። ስልክ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ነው፣ አለቀ። ካናቴራው ግን ወሬኛ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ተበላሸ።

መጀመሪያ ማንኳኳትህ ነው። ያንተ ችኩል ነበር፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይደናቀፋል፣ ጫማውን እያጠለቀ እንደሚሮጥ ሰው። አንድ ጠዋት ግን ኳ አለና ቆየ፤ ከዚያ ደግሞ ኳ። እንደ እንግዳ። እንደ አበዳሪ ሳይሆን እንደ ለቅሶ ደራሽ፣ በትህትና። ምናልባት ደክሞት ነው አልኩ። በነጋታውም እንደዚያው። በዕረፍትህ ቀን እንኳን፣ አንተ መቼም በዕረፍትህ ቀን ካናቴራ ለብሰህ አታውቅም፣ በሰዓቱ ተንኳኳ።

ቀጥሎ ቀለሙ ነው። ቢጫ። ጠዋት ቢጫ፣ እኩለ ቀን ቢጫ፣ ትንሽ አረንጓዴ ብቅ ትልና እንደገና ቢጫ። አንተ ከተወለድክ ጀምሮ ያን ያህል ተቀምጠህ አታውቅም። እናትህ አንቀልባ ውስጥ እንኳን መራመድ ትሞክራለህ ብላ ነው ስታማርር የኖረችው። ደወልኩልህ።

«ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«ላይ ነበርኩ አባዬ፤ ብረት ሳስር።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ። ወገቤ ተቆረጠ።»

ስልኩን ዘጋሁና ቢጫውን አየሁት። ልጄ ዋሸኝ። ወይ ደግሞ ልጄ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩ ተሰብሮ፣ ወይ ከዚያ የባሰ ሆኖ፣ «ወገቤ ተቆረጠ» እያለ ይቀልድብኛል። ለልብስ ሰፊዋ ነገርኳት። «ምናልባት ሹመት አግኝቶ ይሆናል ጋሼ፤ የሚቀመጠው እኮ ሹም ነው» አለችኝ። «ቢሾም ኖሮ ይነግረኝ ነበር፣ ያውም እየጮኸ» አልኳት። እሷም መሳቋን ተወች።

መልስ አልመጣም ማለት ነው። የመጣው መልስ ያንተ አይደለም። መሮዬን ጥዬ ዞርኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን በእጄ ይዤ ነው የሄድኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «ምንድን ነው እንዲህ የሚያዩት?» አለችኝ። ልጄን አልኳት። ፎቶ መስሏት አንገቷን አስግጋ ቢጫ ብቻ ስታይ ወደ መስኮቱ ዞረች። የምትሠራበትን ሕንፃ ከሩቅ አየሁት። ብረቱ ከላይ ተንጨባርሮ እንዳልተበጠረ ጸጉር ቆሟል። ወለል የለው፣ ግድግዳ የለው። ሰዎቹ እዚያ ላይ ጉንዳን ያክላሉ። ልጄ ከእነዚያ አንዱ ቢሆን ስልኩ አረንጓዴ ይሆን ነበር ብዬ እንደገና ስልኬን አየሁ። ቢጫ።

በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ስምህን ስነግረው «ውስጥ ነው፣ ምሳ ሰዓት ይወርዳል፤ እዚያ ጥላው ጋ ይጠብቁት አባባ» አለኝ። ጥላው ያለው ዕቃ ማከማቻው ጎን ነው። በቆርቆሮ የተሠራ ቤት፣ መስኮቱ ላይ ባንኮኒ ያለው። ከባንኮኒው ጀርባ ቀጭን ሰው ተቀምጧል፤ ቁልፎች እንደ ከብት ቃጭል ወገቡ ላይ ተንጠልጥለዋል። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

አንድ ሠራተኛ መጣና ሽቦ ጠየቀ። ቀጭኑ ሰው ተነሳ፤ ስልኬ አረንጓዴ ሆነ። ሽቦውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ስልኬ ቢጫ ሆነ።

መጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልኩ። ሌላ ሰው መጣ፣ ጓንት ፈለገ። ቀጭኑ ተነሳ። አረንጓዴ። ተቀመጠ። ቢጫ። ለማረጋገጥ ራሴ ሄድኩና «ልጄ፣ ውኃ ታጠጣኛለህ?» አልኩት። ተነሳ። አረንጓዴ። ውኃውን ይዞ ሲመለስ ኮሌታውን ያዝኩት። ሸሚዙ ተከፈተ። ካናቴራው፣ ጎንና ጎኑ ላይ ያለው ሽቦ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቁልፍ።

ልጄ፣ አንድ ሰው የሞተ ዘመዱን ልብስ በሌላ ሰው ገላ ላይ ሲያይ ምን እንደሚሆን የምታውቅ አይመስለኝም። እኔ ያን ጊዜ አወቅኩ።

«ይሄን ከየት አመጣኸው? ልጄ የት ነው? ሞቷል?»

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል…»

«ይስማ! የልጄን ደረት ለብሰህ ጠዋት ጠዋት የምታንኳኳብኝ አንተ ነህ?»

ስልኩ በሌላ እጄ ነበር። ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት የልቡ ነጥብ እጄ ላይ ትጋልብ ጀመር። ሊዋሸኝ እንደሆነ ከአፉ በፊት ልቡ ነገረኝ። ያንን እያየሁ መሆኔን ሲያይ መዋሸቱን ተወው። በአገጩ ወደ ላይ አመለከተኝ።

አንተ ቁልፌ የምትለው ጓደኛህ እንዲህ ነው የተዋወቀኝ።

ከዚያ ሁሉንም ነገረኝ፤ ኮሌታውን እስክለቅለት እየጠበቀ። መሰላል ላይ ሳለህ ካናቴራው ሁለቴ ለአፍታ ቀይ ማብራቱን፤ እኔ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ግቢ ስጠርግ አምልጦኛል። መሐንዲሷ ጠርታህ «ልብህ ይዘላል፤ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ውጤት ሳታመጣ ከእንግዲህ አትወጣም» ማለቷን። አንተም «እሺ» ብለህ ወጥተህ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ሄደህ መመለስህን። «ሐኪሙ አትውጣ ካለኝ ምን ልሆን ነው?» ማለትህን። ከዚያ ያገኘኸው ዘዴ፦ ካናቴራውን ቁልፌ ይለብሰዋል፤ እሱ ታች ስለሚቀመጥ ልቡ እንደ ሰዓት እኩል ይመታል። አንተ ባዶ ገላህን ትወጣለህ። ለመሐንዲሷም ውጤቱ ዘግይቷል፣ ለጊዜው ታች ነኝ ትላታለህ። ስክሪኑም ታች ነው ይላል። ብረት አሳሪዎቹ ደግሞ አንድ ሰው ከጎደለባቸው ሥራ ስለሚበዛባቸው ዝም አሉ።

«ጠዋት ጠዋት የምትመታውስ?»

«እሱ ነው ያስተማረኝ አባባ። ‹ይሄን ካልሰማ አባቴ ይመጣል› አለኝ።»

አየህ? አንተም ሕጉን ታውቀዋለህ።

ቁልፌ ተመልሶ ተቀመጠና እጄን ይዞ ለመነኝ። «በሞቴ ለማንም አይንገሩ። እሱም እኔም እንባረራለን። ማታ ሲወርድ እርስዎ ይምከሩት፣ የእርስዎን ይሰማል።» የሱን ዓይን አይቼ ልስማማ ነበር። እውነቱን ነው የምነግርህ፤ ልስማማ ነበር። የሠራተኛ ነገር አውቃለሁ። ሰው ሲያሳብቅ አልወድም፤ ከሚያሳብቅ ሰው ጋር አለት አልፈነቅልም።

ከዚያ ቀና አልኩና አየሁህ።

ከሁሉም በላይ ነበርክ። ከጉንዳኖቹ ሁሉ አረማመድህን ለየሁት። ጠባቡ ብረት ላይ እንደ ሰፊ መንገድ ትሄዳለህ፤ ፒንሳህን ከኪስህ አውጥተህ ጠምዝዘህ ትመልሰዋለህ፣ እጅህ ሳያይ ያውቃል። ኮራሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተም በአካል አልናገረውም፣ አሁን ግን ስለማላይህ ልበለው፤ ያን ጊዜ እየፈራሁ ኮራሁብህ። ያ የኔ ልጅ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያ ቆምክ። በአንድ እጅህ ምሰሶውን ያዝክ። ሌላኛውን መዳፍህን ደረትህ ላይ አደረግከው፤ ጭንቅላትህን ደፋህ።

ልጄ፣ ያንን አውቀዋለሁ። እናትህ ግድግዳ ተደግፋ፣ እንዲሁ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ትደፋ ነበር። «ምነው?» ሲሏት «ምንም አይደል» ትላለች። ምንም አይደል እያለች ነው የሄደችው።

ስልኩን አየሁ። ቢጫ። በጣም ጤነኛ፣ በጣም ረጋ ያለ ቢጫ። ልጄ እዚያ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሲንጠለጠል፣ ስልኬ «ተቀምጧል፣ ደህና ነው» ይለኛል። ወስጄ ልፈጠፍጠው ነበር። ከዚያ በኋላ ቁልፌ ምን እንዳለኝ አልሰማሁም።

መሐንዲሷን አገኘኋት፤ ቆብ አድርጋ ሠንጠረዥ እያየች። «እመቤቴ፣ እዚያ ላይ ያለው ልጄ ነው። አውርጅልኝ» አልኳት። ስምህን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የእጇን ስክሪን አየችና በትህትና፣ «አባቴ፣ ልጅዎ ታች ነው፤ ይኸው፣ ማከማቻው ጋ ተቀምጧል» አለችኝ። ቢጫዋን አሳየችኝ። እኔም ስልኬን አውጥቼ ቢጫዬን አሳየኋት።

«እኔም አለኝ» አልኳት። «ያ ካናቴራው ነው። እኔ የምልሽ ልጄን ነው።»

ቀና አለች። ከዚያ ወደ ማከማቻው አየች። ቁልፌ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ነበር፣ ሸሚዙ እንደተከፈተ። ፊቷ ተለወጠ።

እኔ ልጮህ እጄን አፌ ላይ ሳደርግ ክንዴን ያዘችኝ። «አይጩሁ። ከደነገጠ እናጣዋለን።» እውነቷን ነው፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር። በእጅ ሬዲዮዋ፣ ምንም እንዳልሆነ በሚመስል ድምፅ፣ «ሁላችሁም፣ ምሳ ቀድሟል፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ» አለች። አጠገብህ ለነበረው ሰው ደግሞ ለብቻው፣ «ከኋላው ሁን፣ ቀበቶውን ይዘህ ና» አለችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ክንዴን ግን አልለቀቀችም።

መሰላሉን የወረድክበት ጊዜ በዕድሜዬ ካየሁት ሁሉ ረጅሙ ነው። አንድ እግር። ሌላ እግር። መሃል ላይ ቆመህ ተነፈስክ። እኔም አብሬህ ቆምኩ። ጣቴ ሳላውቀው የሕንፃውን ምሰሶ ሁለት ሁለት ጊዜ ይመታ ነበር። አንተ የት ትሰማለህ።

መሬት ረግጠህ ስትዞር መጀመሪያ እኔን አየኸኝ፤ ፊትህ ልጅ ሆነ። ልትስቅ ነበር። ከዚያ መሐንዲሷን አየህ። ከዚያ ቁልፌን። ሳቁ ፊትህ ላይ ደረቀ።

«አባዬ፣ ሸጥከኝ?»

«አዎ» አልኩህ።

ሌላ ቃል ቢኖረኝ እሱን እል ነበር። «ፈርቼ ነው» ማለት ይቻል ነበር። «እናትህን አስታወስከኝ» ማለት ይቻል ነበር። ሃያ ሰው ቆሞ እያየ፣ ምላሴ ያወጣው «አዎ» የሚለውን ነው። የራስ ቆብህን አወለቅክና እግሬ ሥር አስቀመጥከው። አልወረወርከውም፣ ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለህ እንደ ዕቃ አስቀመጥከውና በሩን ወጣህ።

መሐንዲሷ ከኋላህ ተጣራች። «ሐኪም ይየው ብቻ፤ ታች ሥራ እሰጠዋለሁ!» አለች። አልዞርክም። ቁልፌ ሊከተልህ ብሎ ቁልፎቹ ተንቃጨሉ። እኔ ቆቡን አንስቼ ቆምኩ። ውስጡ ገና እንደሞቀ ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስልክህ ዝግ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቁልፌ ባለፈው መጥቶ ነበር። አላባረሩትም፤ ተግሣጽ ሰጥተው ቁልፉን ትተውለታል። ሻይ አቀረብኩለት፤ ኮሌታውን ይዞ ነው የጠጣው፣ መቼም አይረሳውም። ሌላ ሕንፃ ላይ መግባትህን ነገረኝ። ካናቴራ የሌለበት፣ ቆብ የሌለበት፣ ማንም ማንንም የማይጠይቅበት። እንደገና ላይ ነህ። ቦታውን ንገረኝ ስለው «አስምሎኛል» አለ። ሐኪም ዘንድ ሄዷል ወይ ስለው ሻዩን አየ። ያኔ ካናቴራው ለብሶ ቢሆን ኖሮ ልቡ ይነግረኝ ነበር። ግን አልለበሰውም። ካናቴራው በላስቲክ ተጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ነበር።

«የሁለት ሰው ገላ ስለተደባለቀበት አይረባም ብለው ጣሉት። ቢሮው አያየውም አሁን። የእርስዎ ስልክ ግን እስካሁን ያየዋል» አለኝ። «ለመታሰቢያ ይሆንዎታል ብዬ ነው።»

መታሰቢያ! ሰው ሳይሞት? ልወረውርበት ነበር። በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየኝ።

ለብሼዋለሁ።

ትስቅ ይሆናል። ሳቅ። ሆዴ ላይ አልገባ ብሎ ልብስ ሰፊዋ ጎንና ጎኑን ልትለቀው ፈልጋ፣ ሽቦው እዚያ ስለሚያልፍ ፈርታ፣ ጀርባውን ቀድዳ ጨርቅ ጨመረችበት። አበባ ያለበት ጨርቅ ነው፤ ሌላ የለኝም አለችኝ፤ ውሸቷን ነው። ከፊት ሲያዩኝ ብረት አሳሪ፣ ከኋላ ሲያዩኝ መጋረጃ እመስላለሁ። ቁልፌ እንዳሳየኝ በየቀኑ ቻርጅ አደርገዋለሁ።

እና የኔም ልብ እንደማይሆን ሆኗል። ከታች ውኃ ተሸክሜ ወደ ቤት ደረጃውን ስወጣ ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ይዛ ከላይ ቆማ ነበር። ጮኸች። ቀይ ነው። አንተ «አታይም» ያልከኝን ቀይ አየሁት፤ ያንተ ሳይሆን የራሴ ሆኖ። «ነገውኑ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለችኝ። «አልሄድም» አልኳት። «ለምን?» «ልጄ ሳይሄድ አልሄድም።» ሰደበችኝ። ምን እንዳለችኝ አልጽፍም ብላለች፤ ይሄን ብቻ ነው ከመሐላዋ ያስቀረሁላት።

ሸክሙን አልተውኩም። ደረጃውን አልተውኩም። አንተ እንደምትወጣ እኔም እወጣለሁ። የታች ሥራ ውርደት ነው ካልክ ለእኔም ውርደት ነው። ሐኪም ምን አባቱ ያውቃል ካልክ ለእኔም አያውቅም። ክፋት ነው ትለኝ ይሆናል። ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ቀለም እያየሁ የዋልኩትን አንተም ቅመሰው። ሌላ ማስፈራሪያ የለኝም፤ ቀበቶ የምፈታበት ዕድሜህ አልፏል፣ የኔም ጉልበት አልፏል። ያለኝ ይሄ ልብ ብቻ ነው። እሱን ልኬልሃለሁ።

ስልኩ ከደብዳቤው ጋር ነው። ቁልፌ በእጅህ ሳያስረክብ አይመለስም። ክፈተው። አረንጓዴ ካየህ ተሸክሜ እየወጣሁ ነው። ቢጫ ካየህ ደክሞኝ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። ሰማያዊ ካየህ ተኝቻለሁ፣ እንቅልፍ ግን እንዳይመስልህ። ቀዩን ታውቀዋለህ። ሌላ ሰው አልብሼው እንደሆን ብለህ ደግሞ አትጠራጠር፤ እንዲህ ያለ ጀርባ ያለው ካናቴራ የሚለብስ ሌላ ሞኝ የለም።

«ሸጥከኝ?» ላልከኝ አሁንም መልሴ ያው ነው። ነገም ላይ ብትሆን፣ ከታች ቆሜ እጅህ ወደ ደረትህ ሲሄድ ባይ፣ ነገም እሸጥሃለሁ። ይቅርታ ከፈለግክ ሌላ አባት ፈልግ። አባት ከፈለግክ ግን ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ቆብህም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል።

ደብዳቤው በደረሰህ በነጋታው ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ሳልቆልፍ፣ ደረቴ ላይ ያለውን ሁለት ጊዜ እመታዋለሁ። እጅህ ላይ ይነዝራል። የኔ እንዳንተ ችኩል አይደለም፣ እንደ ቁልፌም ትሁት አይደለም፤ መዶሻ ነው፣ ትለየዋለህ። ይሄ ነገር ደግሞ መልስ አይቀበልም፤ ከደረት ወደ ስልክ ነው እንጂ ከስልክ ወደ ደረት አይመጣም አለኝ ቁልፌ። ስለዚህ መልስህን በእግርህ አምጣው። በሩ ክፍት ቢሆንም አንኳኳ። አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ ማን ይቀድማል ብለን ወረፋው ላይ እንጣላለን።

ካልመጣህ ሕጉን ታውቃለህ። እዞራለሁ። ቁልፌ አስምሎኛል ቢልም አንዴ የያዝኩት ኮሌታ ነው፤ ሁለተኛ መያዝ አይከብደኝም።

ልብስ ሰፊዋ «ጨርሰዋል? ከታች ስምዎን ልጻፍ?» አለችኝ። ስሜን እኔ ሳላነበው ምን ያደርግልኛል። የቀለም ጨርቅ አምጪ አልኳት። «ለፊርማ አንድ አሻራ ይበቃል» አለችኝ። ከዚህ በታች የአውራ ጣቴን ምልክት ሁለት ጊዜ፣ ጎን ለጎን ታገኘዋለህ። እጄ ተንቀጥቅጦ የተደገመ መስሏት ልታጠፋው ነበር። ተይው አልኳት፤ እሱ ማንበብ ያውቃል።

አባትህ